የወተት መንጋጋና የብረት ቆብ

በቋንቋችን የሕፃን የመጀመሪያ ጥርስ ስሙን ያገኘው ከምግቡ ነው፤ የወተት ጥርስ ይባላል። ስሙ ያማረ ቢሆንም ለባለስሙ መልካም ነገር ብቻ አላተረፈለትም። ወተት የሚያልፍ ዘመን ምግብ በመሆኑ ጥርሱም ከዘመኑ ጋር የሚያልፍ፣ ወላጅም ሆነ ሐኪም ሊደክምለት የማይገባ ነገር ተደርጎ ሲታይ ኖሯል። ልጅ የወለቀ ጥርሱን ወደ ቤት ጣራ ወርውሮ በምትኩ አዲስ እንዲሰጠው በሚለምንበት አገር የወተት ጥርስ ሽኝት የደስታ እንጂ የኀዘን አይደለም። ከመራዊ ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ ጥቂት ሄድ ሲሉ ወተት ዓባይ የምትባል ከተማ ትገኛለች። ስለ ወተት ጥርስ ለመጻፍ ከሜጫ ምድር መነሣቴ ግን በዚህ የስም መገጣጠም ብቻ አይደለም፤ ከዚያው አካባቢ ከመጣ አንድ ልጅ የተማርሁት ነገር ስላለ ነው።

ጊዜው ይህ ጸሐፊ በሙያው ገና ጀማሪ የነበረበት ነው። እናቲቱ ከመራዊ ገጠር ተነሥታ፣ አምስት ዓመት የሞላውን ልጇን ይዛ እኔ ወደማገለግልበት የሕክምና ቤት መጣች። ልጁን በጉልበቷ ላይ አስቀምጣ፣ «ቀዝቃዛ ውኃ አይጠጣልኝም፤ እንጀራውንም በአንድ ጎኑ ብቻ ነው የሚያኝከው» አለችኝ። አፉ ሲከፈት ሁለቱ የታች ኋለኛ የወተት መንጋጋዎች ከጓደኞቻቸው ተለይተው ታዩ። ነጭ መሆን የሚገባው ገጻቸው እንደ ቅቤ ቢጫ፣ ቦታ ቦታውም ቡናማ ነበር። የሚያኝክበት ጫፍ እንደ ኖራ ተፈርፍሮ ውስጡ መታየት ጀምሯል። በሽታ የነካው ክፍል ከጤነኛው የሚለይበት ድንበር ግን በገመድ የተለካ ያህል ግልጽ ነበር።

«ይነቀላል እናቴ» አልኋት።

«ሌላ ይበቅልለት የለም ወይ ጌታዬ?» ስትል ጠየቀች።

«ይበቅልለታል።»

ሁለቱም ጥርሶች በጉጠት ወጡ። ልጁ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሲሆነው ተመልሶ በመጣ ጊዜ፣ በስድስት ዓመቱ አካባቢ የበቀሉት ቋሚ መንጋጋዎች ወደ ፊት ተጋድመው ገና ያልወጡትን የተተኪዎቹን ስፍራ ወርሰውት ነበር። ይባስ ብሎ እነርሱም ያንኑ የቢጫና የቡናማ ምልክት ይዘው ነበር። እናቲቱ አልወቀሰችኝም፤ ወቃሽ ባለመኖሩ ይመስለኛል ጉዳዩ እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ ያልወጣው። የማኅበራችን መጽሔት አዘጋጆች ስለ ሙያችን ታሪክ አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ የሌሎችን ታላላቅ ሥራዎች ትቼ ይህን የመረጥሁት ስለዚህ ነው። በዚያ ቀን አላውቀው የነበረው መንገድ በሌላ አገር ከብዙ ዓመታት በፊት ተጠርጎ ነበርና።

ጥርስ የራሱን ዜና መዋዕል የሚጽፍ አካል ነው። ኢናሜል የሚባለው የላይኛው ልባስ በሰው አካል ውስጥ ከሁሉ የጠነከረ ቢሆንም፣ አንድ ጊዜ ተሠርቶ ካበቃ በኋላ ሠሪዎቹ ሕዋሳት ስለሚጠፉ አጥንት እንደሚጠግን ራሱን አይጠግንም። የኋለኛው የወተት መንጋጋ ኢናሜል መሠራት የሚጀምረው ጽንሱ በማኅፀን አምስተኛ ወሩን በያዘ ጊዜ ገደማ ነው፤ የሚያበቃውም ልጁ ከተወለደ ከአሥር እስከ አሥራ አንድ ወር ሲሞላው ነው። በመካከሉ የልደት ቀን አለ። ያች ቀን በኢናሜሉ ውስጥ በአጉሊ መነጽር ብቻ የምትታይ ቀጭን መስመር ጥላ ታልፋለች፤ ከመስመሩ ወደ ውስጥ ያለው ከልደት በፊት፣ ወደ ውጭ ያለው ከልደት በኋላ የተሠራ ነው። ወላጆች የልጃቸውን የልደት ቀን በቅጡ ባያስታውሱ እንኳ ጥርሱ መዝግቦታል።

በእነዚህ ወራት በእናቲቱ ወይም በሕፃኑ ላይ የሚደርስ ከባድ ሕመም፣ ትኩሳት ወይም የመውለድ ችግር የኢናሜል ሠሪዎቹን ተግባር ሊያውክ ይችላል ተብሎ ይታመናል። ውጤቱም ውፍረቱ ሳይጎድል ማዕድኑ የጎደለ፣ ከውጭ ሲታይ ሙሉ መስሎ ከውስጥ ቀዳዳማ የሆነ ልባስ ነው። ጥርሱ ከድድ ሲወጣ በቅርጹ እንከን የለበትም፤ ማኘክ ሲጀምር ግን ይፈረፈራል። ለቀዝቃዛ ውኃ፣ ለነፋስ፣ ለመፋቂያ ንክኪ ሁሉ ያማል። ስለሚያምም ልጁ አያጸዳውም፤ ስላልጸዳም ቶሎ ይበሰብሳል። ይህ ችግር በስድስት ዓመት መንጋጋና በፊት ጥርሶች ላይ ሲታይ የሚጠራበት ስም በአውሮፓውያን ባለሙያዎች የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2001 ሲሆን፣ በኋለኛው የወተት መንጋጋ ላይ ያለው ደግሞ ራሱን ችሎ በኔዘርላንድ ሕፃናት ላይ ተጠንቶ የወጣው በ2008 ነው። ከዚያ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች የወተት መንጋጋው የተጎዳበት ልጅ የስድስት ዓመት መንጋጋውም ተጎድቶ የመውጣቱ ዕድል ከሌላው ልጅ በብዙ እንደሚበልጥ አሳይተዋል። እኔ ነቅዬ የጣልሁት ጥርስ እንግዲህ ሊመጣ ያለውን ነገር አስቀድሞ የሚናገር ምስክር ነበር።

የጣና ዙሪያ ሕዝብ እንዲህ ያለውን ትኩሳት በሚገባ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ፈጅቷል። በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲቋቋም፣ ጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የንጽሕና አጠባበቅ ባለሙያዎችን በአንድነት ያሠለጥን ዘንድ ከገፋፉት ምክንያቶች አንዱ ይኸው እልቂት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1958 ደግሞ ወባ ወደ ደጋማው አገር ወጥቶ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ሲያሳምም፣ አንድ መቶ ኀምሳ ሺህ ያህል መግደሉ በዘመኑ ተገምቷል። ከእነዚያ ዓመታት ተርፈው ያደጉ ሕፃናት ጥርስ ምን ይመስል እንደነበር የመረመረ አልነበረም፤ ሕይወት በሚታደጉበት ሰዓት ጥርስ ይቆጠር ማለትም አይገባም።

ይህ ማለት ግን የአገሩ ሰው ለአፉ ግድ አልነበረውም ማለት አይደለም። የወይራ መፋቂያ በእረኛውም በተማሪውም አፍ ይገኛል። ስዊድናዊቷ ተመራማሪ ብርጊታ ኦልሰን በኢትዮጵያ ተማሪዎች ላይ አጥንታ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመችው ጽሑፍ መፋቂያ በአግባቡ ከተያዘ ከጥርስ ብሩሽ እንደማያንስ አሳይታለች። የሴቶች የድድ ንቅሳት ለውበትም ድድን ያጠነክራል በሚል እምነትም ሲደረግ ኖሯል። የወርቅ ጥርስም አለ። የሕፃን ጥርስ በብረት ይሸፈን የሚለውን ሐሳብ ባዕድ ነው የሚሉ ባልደረቦች ሲያጋጥሙኝ ይህን አስታውሳቸዋለሁ፤ ሕዝባችን በጥርስ ላይ ብረት ማየትን ከጌጥ ቆጥሮት የኖረ ነው።

የሕፃኑ ጥርስ ዕጣ ግን ከዚህ የተለየ ነበር። ሕፃን ተቅማጥና ትኩሳት ሲይዘው፣ ገና ያልበቀለው የክራንቻ ጥርስ ድዱን ነፍቶ ሲታይ የበሽታው ምንጭ እርሱ ነው ይባልና፣ በአካባቢው ዐዋቂ እጅ በስለት ወይም በሹል ብረት ተፈልፍሎ ይወጣል። እንጥል ማስቆረጥም የዚሁ እኅት ልማድ ነው። መድማቱ፣ ቁስሉ መመርቀዙ፣ መንጋጋ ቆልፉ በእናቶች ዘንድ ከመጀመሪያው ሕመም ጋር ስለሚቆጠር ጥፋተኛው አይታወቅም። ሕፃኑ ከተረፈም በሥሩ የሚሠራው የቋሚው ክራንቻ ጽንስ ስለሚነካ ኢናሜሉ የጎደለ ወይም ቅርጹ የተበላሸ ጥርስ ከዓመታት በኋላ ይወጣል፤ አንዳንዴም ጨርሶ አይወጣም። ወደ እስራኤል በሄዱ የቤተ እስራኤል ሕፃናት ላይ ሆላንና ማምበር የተባሉ ሐኪሞች ያደረጉትና እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው ጥናት ይህንኑ ጠባሳ በባዕድ አገር አፍ ውስጥ መዝግቧል። በአገር ቤት ደግሞ ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶችን ለማስወገድ የተቋቋመው ብሔራዊ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ፣ ከ1995 ዓ.ም. በኋላም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ይህን ልማድ ሲዋጉ ቆይተዋል።

እኛ የሠለጠንነውስ? በነጭ ካፖርትና በማደንዘዣ የታገዘ ከመሆኑ በቀር፣ የወተት ጥርስ ሲታመም ያለው መፍትሔ ማውጣት ነው የሚለው ፍርድ ከወጌሻው ፍርድ ምን ያህል ይለያል? ጥያቄው ለባልደረቦቼ ብቻ አይደለም፤ ከላይ እንደነገርኋችሁ ለራሴም ነው።

በእርግጥ ለዚህ ፍርድ ታሪካዊ ምክንያት አለው። እ.ኤ.አ. በ1958 በአገሪቱ የተካሄደው ታላቅ የሥነ ምግብ ጥናት ጥርስንም መርምሮ ነበር፤ ሊትልተን የተባለው ባለሙያ በ1963 ያሳተመው ውጤት የጥርስ መበስበስ በኢትዮጵያውያን ዘንድ አነስተኛ እንደነበር ያሳያል። ስኳር ለብዙው ገበሬ ቤት ገና እንግዳ ነበርና። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ የጀመረው ከዚያ ጥቂት ዓመታት አስቀድሞ እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። ወንጂ በጥርስ ታሪክ ውስጥ ሁለት ጊዜ ትነሣለች፤ አንድም በስኳሯ፣ አንድም በጉድጓድ ውኃዋ ፍሎራይድ ብዛት የሠራተኞቹን ልጆች ጥርስ በማቡነኗ። የስምጥ ሸለቆው መቡነን ከዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ጋር መምታታት የለበትም፤ ያኛው ከውኃ የሚመጣ፣ ብዙ ጥርሶችን በአንድነት የሚነካና ድንበሩ የደበዘዘ ነው። የመራዊው ልጅ ምልክት ግን በአንድ ዓይነት መንጋጋዎች ላይ ብቻ የተወሰነና ድንበሩ የጎላ ነበር። ያም ሆነ ይህ፣ መበስበስ ባልበዛበት አገር ለወተት ጥርስ ማዳኛ ገንዘብና የሰው ኃይል መመደብ ቅንጦት ይመስል ነበር። ስኳሩ ገጠር ሲደርስ ጉጠቱ ብቻ ጠበቀው።

ወደ ብረቱ ቆብ እንመለስ። ከማይዝግ ብረት በፋብሪካ ተቀርጾ በየመጠኑ የሚመጣው ቆብ፣ ባለሙያው ክራውን የሚለው፣ በአሜሪካ ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1947 ሲሆን፣ ሀምፍሪ የተባለው ሐኪም በ1950 ለሕፃናት መንጋጋ እንዴት እንደሚውል ገልጾ ጻፈ። ሐሳቡ ቀላል ነው። መንጋጋው በብዙ ገጹ ከተበላሸ ሙሌት ተራ በተራ እየወደቀ ከሚያስቸግር ጥርሱን እንዳለ በቆብ ማልበስ ይሻላል። አሠራሩ ግን ቀላል አልነበረም። ማደንዘዣ መወጋት፣ የበሰበሰውን ሁሉ መቦርቦር፣ ጥርሱን ከላይና ከጎን መሞረድ፣ ቆቡን በመቀስ መከርከምና አንገቱን ማጥበብ፣ ከዚያ በሲሚንቶ መለጠፍ ያስፈልግ ነበር። ይህ ሁሉ ኤሌክትሪክ፣ መቦርቦሪያ መሣሪያ፣ የሠለጠነ ረዳትና ከሁሉ በላይ ዝም ብሎ አፉን የሚከፍት ልጅ ይሻል። ለወረዳ ጤና ጣቢያ እንዲህ ያለው ነገር በመጽሐፍ የሚነበብ እንጂ የሚሠራ አይሆንም። ኢናሜሉ ደካማ በሆነ ልጅ ላይማ የባሰ ነው፤ የዚህ ጥርስ ነርቭ የተቆጣ ስለሚሆን ማደንዘዣው በሚገባ አይሠራለትም፣ ሙሌቱም በተፈርፋሪው ልባስ ላይ የሚይዝበት ጠርዝ አያገኝም።

መንገዱን ያሳጠረችው ዝነኛ ፕሮፌሰር ሳትሆን ኖርና ሆል የተባለች የስኮትላንድ የጥርስ ሐኪም ናት። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ገደማ ጀምሮ፣ ሕፃናትን ከመርፌና ከመቦርቦሪያ ለማዳን ስትል፣ ቆቡን ጥርሱን ሳትሞርድ፣ የበሰበሰውንም ሳታወጣ፣ በግላስ አዮኖመር ሲሚንቶ ሞልታ ትጭነው ነበር። ልጁ ራሱ ነክሶ ወደ ቦታው ያወርደዋል። ይህን በዘመኑ የተማረ ሐኪም ሲሰማ የሚሰማው ነገር ለባልደረቦቼ የተሠወረ አይደለም። ሁላችንም የበሰበሰ ነገር ከሥር ትቶ መዝጋት ኃጢአት ነው ተብለን ተምረናል። እርሷ ግን መዝገብ ያዥ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2006 መዝገቧ በዳንዲ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ተመርምሮ ሲታተም በ259 ሕፃናት አፍ 978 ቆቦች እንዳኖረች ታወቀ፤ ውጤቱም በተለመደው መንገድ ከሚሠራው ጋር የሚወዳደር ሆነ።

መዝገብ ብቻውን አያሳምንምና ኒኮላ ኢነስና ባልደረቦቿ በስኮትላንድ 132 ሕፃናትን ይዘው በዕጣ የተመደበ ሙከራ አደረጉ። የእያንዳንዱ ልጅ አንድ መንጋጋ በቆብ፣ ሌላው ሐኪሙ በለመደው ሙሌት ታከመ። እ.ኤ.አ. በ2011 የአምስት ዓመቱ ውጤት ሲወጣ፣ የነርቭ መመረዝን ወይም መነቀልን የመሰለ ከባድ ውድቀት በቆቡ ወገን ከመቶ 3፣ በሙሌቱ ወገን ከመቶ 16.5 ሆነ። ቀላሉ ውድቀት ደግሞ 5 እና 42 ነበር። ምሥጢሩ በተህዋስያኑ ላይ ነው፤ ከአፍ የሚደርሳቸው ስኳር በሲሚንቶና በብረት ሲቋረጥባቸው አሲድ መሥራት ያቆማሉ፣ ብስባሹም ባለበት ይቆማል። ሙከራው የተደረገው በበሰበሱ ጥርሶች ላይ እንጂ ከመሠረቱ ኢናሜላቸው በደከመ ላይ አልነበረም። ሆኖም ሙሉ ገጹ በቆብ ለተሸፈነ ጥርስ የሚፈረፈርበት ጠርዝ ስለማይቀረው፣ ለቅዝቃዜም ስለማይጋለጥ፣ የሕፃናት ጥርስ ሐኪሞች ይህንኑ ዘዴ ክፉኛ ለተጎዱት የወተት መንጋጋዎች እየመከሩ ይገኛሉ። እኔም በሥራ የማየው ይህን ነው፤ ቆቡ በተጫነ ሳምንት ልጁ ቀዝቃዛ ውኃ ይጠጣል።

ነገሩ ያለ ገደብ አይደለም። ልጁ ሌሊት በሕመም የሚነቃ ከሆነ፣ ድዱ ላይ የመግል ቀዳዳ ከታየ፣ ነርቩ ሞቷልና መዝጋት መግሉን መቅበር ነው። የልብ ሕመም ያለበትን ልጅ ሳይጠይቁ አይጀመርም፤ በአገራችን ቁርጥማት ያመጣው የልብ በሽታ ምን ያህል ሕፃናትን እንደያዘ ለምናውቅ ይህ ጥያቄ የወግ አይደለም። ልጁ ቀና ብሎ መቀመጥ፣ ከጉሮሮው ፊት ፋሻ መደረግ አለበት፤ ምራቅ የነካው ቆብ ከጣት ያመልጣልና። ቆቡ ከተጫነ በኋላ ንክሻው ከፍ ብሎ ሌሎቹ ጥርሶች አይገናኙም። ወላጅ ይህን አስቀድሞ ካልተነገረው በማግሥቱ ተቆጥቶ ይመለሳል፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ግን ጥርሶቹ ራሳቸው ተስተካክለው ይገጥማሉ። እናቶች ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁት ግን ይዝግ እንደሆነ ነው። አይዝግም፤ ጊዜው ሲደርስ ከነጥርሱ ይወልቃል፣ ልጁም ሁለቱን በአንድነት ወደ ጣራ ይወረውራል።

የስኮትላንድ ውጤት ለእኛ አይሆንም የሚል ካለ መልሱ ከሩቅ አይመጣም። በሜጫ አልፎ ጣና የሚገባው ግልገል ዓባይ፣ ከጣና ወጥቶ ቆላውን አቋርጦ ካርቱም ይደርሳል። በዚያች ከተማ የሱዳን ሐኪሞች ከአምስት እስከ ስምንት ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ አሮጌውንና አዲሱን የቆብ አጫጫን በዕጣ አወዳድረው እ.ኤ.አ. በ2019 አሳትመዋል። ከሁለት ዓመት በኋላ በሁለቱም ወገን ከመቶ ዘጠና በላይ የሚሆነው ቆብ በቦታው ጸንቷል፤ በአዲሱ መንገድ ግን ሥራው በጣም አጭር ጊዜ ወስዷል፣ ወጪው ቀንሷል፣ የሕፃናቱም ፍርሃት አነስተኛ ነበር። ሙቀቱ፣ የእናቱ ሩቅ መንገድ፣ የመብራቱ መቋረጥ ከእኛው ጋር የሚመሳሰል አገር ነው። የሚያስፈልገው ሲሚንቶም እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም የጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል።

አንድ ችግር ይቀራል፤ እርሱም የሕክምና ሳይሆን የመንገድ ነው። መንጋጋዎቹ ተጣብቀው ከቆሙ ቆቡ በመካከላቸው እንዲገባ ትንንሽ የላስቲክ ቀለበቶች ከሦስት እስከ አምስት ቀን መቀመጥ አለባቸው። ስለዚህ ሁለት ቀጠሮ ነው። ለባሕር ዳር ነዋሪ ይህ ምንም አይደለም። ለሜጫ ገበሬ ግን ሁለት የመኪና ዋጋ፣ ሁለት የሥራ ቀን፣ ምናልባትም የሚያሳድር ዘመድ ፍለጋ ነው። ቆቡ፣ ሲሚንቶውና ቀለበቱ በአንዲት ሳጥን ተይዘው መራዊ ድረስ የሚወርዱ፣ መቦርቦሪያም የማይሹ ከሆነ፣ ሥራውን በዚያው ለሚሠራ የጥርስ ባለሙያ ማሠልጠኑ የሚያስቸግር አይመስለኝም። ሳጥኑ ባሕር ዳር ከቀረ ግን እናቲቱ ሁለት ጊዜ ከምትመላለስ ልጇን አንድ ጊዜ አስነቅላ መመለስን ትመርጣለች፤ ስሌቷም ስሕተት የለበትም።